መልስ፦ ሳተላይቱ አሞስ-6 ከነሮኬቱ ሲጋይ የማስወንጨፊያ ኢንሹራንሱ ለምን አልከፈለም?

በጽሑፍህ ጉዳቱን "የማስወንጨፍ አደጋ" ብለህ ኢንሹራንሱ ለምን እንዳልከፈለ ጠይቀሃል። ያልከፈለው ሽፋኑ ገና ስላልጀመረ ነው። የማስወንጨፊያ ኢንሹራንስ በተለምዶ የሚጀምረው ሞተሩ ለመነሳት ታስቦ ሲለኮስ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ኬፕ ካናቬራል ላይ የሆነው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ማስወንጨፉ የታቀደው ለሴፕቴምበር 3 ነበር። የስፔስኤክስ ኩባንያ ሮኬት ፋልከን 9 መሬት ላይ እንደታሰረ ለሚደረግ የሞተር ሙከራ ነዳጅ ሲሞላ፣ ሞተሩ ሊለኮስ 8 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ፈነዳ። ሳተላይቱ ጫፉ ላይ ተገጥሞ ነበር።

ስለዚህ "የማስወንጨፍ አደጋ" ብለህ የጻፍከውን አስተካክል። ጉዳቱ የወደቀው በቅድመ-ማስወንጨፍ ሽፋን ላይ ነው፤ እሱም የማሪን ካርጎ (የጭነት ኢንሹራንስ) ውል ነበር። (ስሙ ማሪን ይሁን እንጂ ባሕር አያስፈልገውም።) ይህን ኢንሹራንስ የገባውም የሳተላይቱ ሠሪ፣ የእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪዎች ነው እንጂ ባለቤቱ ስፔስኮም አይደለም።

ስፔስኮም ከስፔስኤክስ ጋር በነበረው ውል ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር ወይም ነጻ በረራ የመምረጥ መብት ነበረው። በረራውን መረጠ፤ በዚያም ሌላው ሳተላይቱ አሞስ-17 በኦገስት 2019 ወጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የውሉን ርዕስ አይተህ አትፍረድ፤ "ሽፋኑ የሚጀምርበት" የሚለውን አንቀጽ አንብብ። እኔ አንድ ጊዜ የዲሽ ዕቃ ሳስጭን "እስኪገጠም ድረስ" የሚሸፍን መስሎኝ ነበር። ለካ ከመኪና እንደወረደ ያበቃል፤ ከዕቃው አንዱ፣ የምልክት ማጉያው፣ የተሰበረው ደግሞ ከወረደ በኋላ መጋዘን ውስጥ ነው።