ዶሮው የታለ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ባልትና ትሸጣለች፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ መከለሻ። «ጋሼ፣ ሎጎዬን ልቀይር ነው። እርስዎ የድሮ ታፔላ ጸሐፊ ነዎት ሲሉኝ ነው፤ እስቲ ይዩልኝ» አለች። ሁለቱንም ላከችልኝ። የአሁኑ በስልክ የተነሳ የእናቷ ሙቀጫ ነው። አፉ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። አዲሱ ወርቃማ ዘውድ የደፋ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው።

ደንበኞችሽ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ? አልኳት።

«ባለ ሙቀጫዋ! እሱ እኮ ነው የሚያሳፍረኝ» ብላ ሳቀች።

እኔን ሳቅ አልመጣልኝም። ሌላ ሴትዮ ትዝ አሉኝ።

በ1985 ዓ.ም. አውቶብስ ተራ አካባቢ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ እናት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ዓይነት ነበረች። ታፔላ ሥራልኝ አሉኝ። ላሜራ አስቆረጥኩ፣ አንቲሩጂን ቀባሁ፣ ሲደርቅ ነጭ ደረብኩበት። «በርበሬና ቅመማ ቅመም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ቀይ ዶሮ ሣልኩ። በርበሬ የሚገዛ ሰው ሐሳቡ ዶሮ ወጥ ላይ ነው ብዬ ነው። ፊደል ላይ እጄ የተፈታ ነበር። የደርግ መጨረሻ አካባቢ ከአንድ ታፔላ ጸሐፊ ሥር ሆኜ መፈክር ስጽፍ ነው ያደግኩት። መፈክር ላይ ደግሞ ዶሮ የለም። አንዱ እግር አጠረብኝ። ላስተካክለው ብል ነጩም አብሮ ሊነሳ ሆነ። እትዬ ቀና ብለው አዩትና «ይሁን፣ ዶሮ መሆኑ ከታወቀ ምን ቸገረን» ብለው አሰቀሉት።

ዓመት ሳይሞላ ቤቱ «አንካሳው ዶሮ» ተባለ። ከክፍለ ሀገር በአውቶብስ ከሚመጣው ገበያተኛ ብዙው ማንበብ አይችልም ነበር። የጻፍኩት ቆንጆ ፊደል ለእሱ ምኑም አይደለም። አገሩ ሲመለስ ለጎረቤቱ የሚነግረው «አንካሳው ዶሮ ጋ ግቢ፣ አያታልሉሽም» ብሎ ነው። ታክሲ ውስጥ «አንካሳው ዶሮ ጋ ወራጅ አለ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ አጭር እግር ብቻ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ኮምፒውተር ገዛሁ። ኮረል ድሮው የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ተማርኩ፤ ብሩሼን በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩ። መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ጋ ነው። እሳቸው አልጠሩኝም፤ እኔው ነኝ የሄድኩት። «እትዬ፣ ዘመኑ ተቀይሯል» ብዬ ባነር ሠራሁላቸው። «ዘመናዊ የቅመማ ቅመም ማዕከል» ይላል። ጎኑ ላይ ከሲዲ ያወጣሁት ፎቶ አለ፦ በብርጭቆ ዕቃ የተደረደረ፣ የየት አገር እንደሆነ የማላውቀው ቃሪያና ቅመም። ስሰቅለው ከታች ቆመው አዩትና «ዶሮው የታለ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ዶሮ አሁን ፋራ ነው» አልኳቸው። «አንተ ካልክ» ብለው 900 ብር ቆጥረው ሰጡኝ። ላሜራውን ልጆች ወስደው የጓሮ ቀዳዳ ደፈኑበት።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ በርበሬ እንደ ጉድ በሚሸጥበት ሰሞን፣ ሰላም ልበላቸው ብዬ ጎራ አልኩ። ሱቁ ጭር ብሏል። ደጃፉ ላይ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ቆማ እኔን ጠየቀችኝ። «ወንድሜ፣ አንካሳው ዶሮ የሚሉት የት ነው?» ባነሩ በቀጥታ ከራሷ በላይ ነው። እትዬ ከውስጥ ሰምተው ሳይወጡ መንገዱ ማዶ ያለ አንድ ነጋዴ «ወዲህ ነይ እናቴ» አላት። ዞር ብዬ አየሁ። ግድግዳው ላይ ቀይ ዶሮ አሥሎበታል። አጭሩን እግር ሳይቀር ገልብጦታል።

ዛሬውኑ ዶሮውን መልሼ ልሣል አልኩ። እትዬ እጃቸውን አወዛወዙ። «ተወው ልጄ። አሁንማ ብትሥለው የሰረቅኩት እኔ ነው የምመስለው» አሉኝ። ሁለት ዓመት ያህል ተንገዳግደው ሱቁን ለቀው ልጃቸው ጋ ገቡ። 900 ብሩን አልመለስኩላቸውም። እመልሳለሁ እያልኩ ዘመን ሄደ።

እውነቱን ልናገር። ያን ባነር ለእትዬ አልሠራሁትም። አጭሩን እግር ከሰው ዓይን ላነሳ ነው።

የዛሬ ልጆች ስታፍሩ ትገርሙኛላችሁ። በእንግሊዝኛ ካልተጻፈና ወርቅ ካልተቀባ ዕቃው የሚሸጥ አይመስላችሁም። እኛስ ብትሉ፣ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል ስንት ጠባብ ሱቅ ላይ እንደጻፍኩት እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ አልፈርድባችሁም። ግን እፈርድባችኋለሁ።

ልጅቷን «ምንም አትቀይሪ» አልኳት። ወዲያው ደግሞ ፎቶው ጨልሟልና በጠዋት ብርሃን ድጋሚ አንሺው አልኩ። «ምንም አትቀይሪ አላሉኝም እንዴ?» አለችኝ። ሙቀጫው ያው፣ ሽቦው ያው ይሁን፤ ብርሃኑን ነው ያልኩሽ። በርበሬውን ስታነሺ ግን ፊልተር የሚባል ነገር እንዳትነኪ። በርበሬ ከሸክላ ጋር ተፈጭቶ ሲሸጥ የሰማ ገዢ ከመጠን በላይ የቀላ በርበሬ ሲያይ የሚያስበው ሸክላውን ነው።

ስምሽን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጊው። አየሁት፤ ቲክቶክ ላይ በ«ፀ»፣ ቴሌግራም ላይ በ«ጸ» ጽፈሽዋል። ለእኔና ለአንቺ አንድ ድምፅ ነው፤ ለመፈለጊያው ሁለት የተለያየ ፊደል ነው። ከእኛ ፊደል ጋር ስንት ዓመት ስለኖርኩ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ሙቀጫውን ደግሞ አስመዝግቢው። ንግድ ፈቃድሽ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው፤ ምልክቱ ሌላ ነው። እሱን የሚመዘግበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ሲመዘገብ 7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። አዋጁ፣ ቁጥር 501/1998፣ የወጣው እኔ ያን ባነር በሰቀልኩበት ዓመት ነው። አውቶብስ ተራ ድረስ ግን ወሬው አልደረሰም ነበር። ቢደርስስ? ዶሮውን ያወረድኩት እኔ፣ ሌባ የምለው ማንን ነው?

የደንበኞችሽን ስልክ ደብተር ላይ ጻፊ ስላት ሳቀች። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክም ቲክቶክም ቴሌግራምም ያለ ቪፒኤን አልከፍት ሲል ያኔ ገና ተማሪ ነበረች። የእኔ ጎረቤት ልብስ ትሸጣለች፤ ያን ጊዜ በደብተሯ እየደወለች ነው ቤት ኪራይ የከፈለችው።

ስለ ቪዲዮና ስለ ዘፈኑ እኔን አትጠይቁኝ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። «ለዋጋ በውስጥ መስመር» የምትሉት ምንድነው? እትዬ የኪሎውን ዋጋ በጠመኔ በሩ ላይ ይጽፉ ነበር። እኔ ዋጋ ለመጠየቅ መልእክት ጽፌ፣ «ሰላም ውዴ» ተብዬ፣ እስከ ማታ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም።

ልጅቷ ትናንት አዲሱን ፎቶ ላከችልኝ። ሙቀጫው መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ ሽቦው ላይ ፀሐይ አርፎበታል። ዘውዱን ትታዋለች መሰለኝ፤ አልጠየቅኳትም። ግማሽ ኪሎ ሽሮ ላኪልኝ አልኳት። ዋጋውን ግን ገጽሽ ላይ ጻፊው፣ እዚያው አየዋለሁ።