ያልሠራውን ጥናት ሁለቴ አንብቡት

ካንሰርን ለማጥናት ለተነሳችሁ ወጣቶች፣

በዚህ ሙያ ጸጉሬ ሸብቷል። የጨረር ሕክምና ሐኪም ነኝ። ሕሙማን ጎን የቆምኩትን ያህል ላብራቶሪም ቆሜአለሁ። ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ አሁን አሁን አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ጨረርና ኢሚውኖቴራፒን በማቀናጀት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ኢሚውኖቴራፒ የሰውነት የራሱ መከላከያ ካንሰርን እንዲዋጋ የሚያደርግ ሕክምና ነው። መልሴ ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። ከከሸፉት ጥናቶች ጀምሩ። ለምን እንደምል ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቶቹ ባጭሩ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በቫይረስ የተያዘን ወይም የተበላሸን ሴል ለይተው ይገድላሉ። ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ ደግሞ ፍሬን አላቸው። ካንሰር ይህን ፍሬን ረግጦ ይይዛል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4፣ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ ፒዲ-1 የሚባሉትን ፍሬኖች አጥንተው የሚያስለቅቅ መድኃኒት እንዲሠራ መንገድ ከፈቱ። በ2018 የኖቤል ሽልማቱን ተካፈሉ። ልብ በሉ፤ የሆንጆ ላብራቶሪ ፒዲ-1ን ያገኘው በ1992 ነው። በፒዲ-1 ላይ የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት በ2014 ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ዓለምን ካልቀየረ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በ2017 ፓሲፊክ የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። 713 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ነበሩበት። በሽታቸው ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ አይችልም። ሁሉም ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ወስደው ጨርሰዋል። ከዚያ በዕጣ ተለይተው ከሦስት ሁለቱ እጅ ዱርቫሉማብ የሚባለውን ፍሬን አስለቃቂ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ወሰዱ፤ የቀሩት ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ)። ከአምስት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት ከ100 ሰው 43ቱ በሕይወት አሉ። ካላገኙት 33ቱ። ለዚህ በሽታ ይህ ቀልድ አይደለም። እኛ ሐኪሞቹ ለረጅም ዓመታት አዲስ ነገር ሳናይ ነበር የቆየነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ምን አሰበ? ከጨረር በኋላ እንዲህ ከሠራ፣ ከጨረሩ ጋር አብሮ ቢጀመርማ! ሐሳቡ የሚያጓጓ ነው። እኔም ብሆን አጓጉቶኛል። መድኃኒቱ ያው፣ በሽታው ያው፣ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይሰጥ ተባለ። ፓሲፊክ-2 የተባለው ይህ ጥናት የታሰበውን ጥቅም እንዳላሳየ በ2023 መጨረሻ ተነገረ። የአንገትና የራስ ካንሰር ላይም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ ነበር። አቬሉማብ የሚባል ሌላ ፍሬን አስለቃቂ ከኬሞና ከጨረር ጋር 697 ሕሙማን በነበሩበት ጥናት ተሞከረ፤ ጥቅም እንደማያመጣ ስለታየ ቀድሞ ቆመ። ሌላው ፍሬን አስለቃቂ ፔምብሮሊዙማብም በዚያው ዓይነት ካንሰር ላይ ያለመበትን አልመታም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ገጹን ይገለብጣል። አልሠራም፣ አለቀ፣ ቀጣይ! እናንተ ግን እዚሁ ተቀመጡ። መድኃኒቱን ሳይቀይሩ፣ ጨረሩን ሳይቀይሩ፣ የሚሰጥበትን ጊዜ ብቻ ቀይረው ውጤቱ ከጠፋ፣ ሥነ ሕይወቱ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ምን ሊሆን ይችላል? ሊምፎሳይት፣ ማለትም ቲ ሴሎችን የሚያጠቃልለው የነጭ ደም ሴል ቤተሰብ፣ በጨረር ቶሎ ከሚሞቱ ሴሎች አንዱ ነው። ዕጢን ለመግደል 60 ወይም 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ሲያስፈልገን፣ ለሊምፎሳይት 2 ግሬይ እንኳ ይበቃዋል። በተለመደው አሰጣጥ ሕመምተኛው በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስትና ለሰባት ሳምንት እየተመላለሰ ይታከማል። በየቀኑ ደሙ በጨረሩ ውስጥ ያልፋል። በዚያ ላይ ዕጢው አጠገብ ያሉትን ሊምፍ ኖዶች (ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸውን) ካንሰር ተደብቆባቸው ይሆናል ብለን ሆን ብለን እንመታቸዋለን። ቲ ሴሎች ጠላታቸውን መለየት የሚማሩት እዚያው ነው። በአንድ በኩል ፍሬኑን እያስለቀቅን፣ በሌላ በኩል የሚዋጉትን እንጨርሳለን። በአይጦች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ኖዶቹ አብረው ሲመቱ የቅንጅቱ ጉልበት ሲቀንስ ታይቷል። በሰው ላይ ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም።

ደግሞ የማህፀን በር ካንሰርን ተመልከቱ። ዱርቫሉማብ ከኬሞና ጨረር ጋር አብሮ ተሰጥቶ አልተሳካም። ፔምብሮሊዙማብ በዚያው አኳኋን ለ1060 ሴቶች ጥናት ላይ ቀርቦ ተሳካ! ከሦስት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት ከ100ው 83 ያህሉ፣ ካላገኙት 75 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። እዚህ ላይ «አብሮ መስጠት አይሠራም» የሚለው ቀላል ማብራሪያ ይፈርሳል። ፔምብሮሊዙማብ ፒዲ-1ን ራሱን ይይዛል፤ ዱርቫሉማብ ደግሞ ፒዲ-1 የሚጨብጠውን ፕሮቲን ነው የሚይዘው። ልዩነቱ ከዚህ ነው? ከሕሙማኑ አመራረጥ ነው? ባለሙያዎቹ ገና እየተከራከሩ ነው። ለእናንተ ከዚህ የተሻለ የሥራ ዕድል የት ይገኛል?

አሁን ስለ ላብራቶሪ ትንሽ ላውራ፤ የምወደው እሱን ነው። ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር ላይ የጂን መረጃ መተንተን ትችላላችሁ። ጎሽ። ግን ከዚያ በፊት በገዛ እጃችሁ ኮሎኒ ቁጠሩ። ሥራው እንዲህ ነው። የካንሰር ሴሎችን ፔትሪ ዲሽ ላይ በትናችሁ ጨረር ትሰጧቸዋላችሁ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ስታዩዋቸው ምንም የሆኑ አይመስሉም። ተጣብቀው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ይከፈላሉ። ኢንኩቤተር ውስጥ መልሳችሁ ሁለት ሳምንት ግድም ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ክሪስታል ቫዮሌት የሚባለውን ሐምራዊ ቀለም ታፈሱበትና በውኃ ታለቀልቁታላችሁ። ያኔ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ይታያሉ። አንዱ ነጠብጣብ ከአንድ ሴል የተራባ ነው። 50 ሴልና ከዚያ በላይ ካለው ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ተዉት። ጨረር ያልነካው ዲሽ በነጠብጣብ ተሞልቷል። ብዙ ጨረር የወሰደው ላይ ሁለት ሦስት ብቻ ታገኛላችሁ፤ ወይ ጭራሽ የለም።

እዚህ ላይ የምትማሩት ነገር መጽሐፍ ላይ አንብባችሁ አይገባችሁም። በጨረር የተመታ የካንሰር ሴል፣ እንደ ሊምፎሳይት ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም። የሚያጣው መራባትን ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ በተበጣጠሰ ዲኤንኤው ምክንያት ክፍፍሉ ላይ ይወድቃል። የሕመምተኛ ቤተሰብ «ዶክተር፣ ጨረሩን ጨርሳለች፤ ዕጢው ለምን አልጠፋም?» ብለው በጭንቀት ሲጠይቋችሁ፣ መልሱ ያ ዲሽ ላይ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

ያ ሴል ክፍፍል ላይ ሲወድቅ የሚሆነው ነገር ነው ደግሞ ጨረርንና ኢሚውኖቴራፒን የሚያገናኛቸው። የተቆራረጠ ዲኤንኤ ከኒውክለሱ ያመልጣል። ሴሉ ውስጥ ከኒውክለስ ውጪ ዲኤንኤ መገኘት የለበትም፤ ስለዚህ ሲጋስ የሚባለው ፕሮቲን ቫይረስ የገባ መስሎት ማንቂያ ያሰማል። ኢንተርፌሮን የሚባለው የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ይመረታል፤ ቲ ሴሎች ይጠራሉ። ታዲያ ጨረሩን በአንዴ ከፍ ብናደርገው ጥሪው ይበረታላ? አይበረታም! አይጦች ላይ 8 ግሬይ ሦስት ጊዜ ሲሰጥ ከሲቲኤልኤ-4 መድኃኒት ጋር ጥሩ ሠራ። 20 ግሬይ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ግን ሌላ ቦታ ያለው፣ ጨረር ያልተሰጠው ዕጢ ምንም አልሆነም። በ2017 የኒውዮርክ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አሳዩ፦ መጠኑ ሲበዛ ትሬክስ-1 የሚባል ኢንዛይም ይነሳና ያመለጠውን ዲኤንኤ ይጠርገዋል። ጥሪውም አብሮ ይጠፋል። በጨረር ዓለም ብዙ ማለት የተሻለ ማለት እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ሰው የማሳየው ይህን ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። አብስኮፓል የሚባል ክስተት አለ። ጨረር አንድ ቦታ ስትሰጡ፣ ያልተነካው ሌላ ቦታ ያለ ዕጢ ይሟሽሻል። ስሙ በ1953 ነው የወጣው። በ2012 ኢፒሊሙማብ የሚባለውን የሲቲኤልኤ-4 መድኃኒት እየወሰደች ሳለ ጀርባዋ አካባቢ ያለ ዕጢ ጨረር የተሰጠው አንዲት የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ሕመምተኛ ታሪክ ታተመ፤ ያልተነኩት ዕጢዎቿም ቀነሱ። የሚደንቅ ነው። ከዚያ በኋላ መስኩ ያበደ መሰለ። በዕጣ በተለየ ጥናት ሲፈተሽስ? 62 የአንገትና የራስ ካንሰር ሕሙማን ላይ ኒቮሉማብ የሚባለው የፒዲ-1 መድኃኒት ብቻውንና ከአንድ ዕጢ ጨረር ጋር ተወዳድሮ የረባ ልዩነት አልታየም። የአንዲትን ሴት ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። የ62ቱን ስንቱ ያውቃል?

የአገር ቤት ልጆች «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ፔምብሮሊዙማብ በየትኛው አቅም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ልክ ነው። ዋጋው የማይቀመስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ያውም በኮባልት 60 ማሽን። ኮባልት በ5 ዓመት ከ3 ወር ግድም ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ሲያረጅ ድሮ በሁለት ደቂቃ ይሰጥ የነበረው መጠን አራት ደቂቃ ይፈጃል። ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥታ አዲስ አበባ ቤት ተከራይታ ስድስት ሳምንት መቆየት ያለባት እናትስ?

ለዚህ ነው የቀናት ብዛት ጥያቄ ለእኛ ከማንም በላይ የሚያገባን። እንግሊዝ ውስጥ በ2020 የታተመ ጥናት ለጡት ካንሰር 26 ግሬይ በአምስት ቀን መስጠት፣ 40 ግሬይ በ15 ቀን ከመስጠት እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ያለ አንድም አዲስ መድኃኒት የተገኘ ነው። ቀናቱ ሲያጥሩ ደግሞ ደም በጨረር ውስጥ የሚያልፍበት ጊዜ ብዛትም ያጥራል። ሊምፎሳይቶቹ ይተርፉ ይሆን?

ጨረር ሐኪም ሆኜ ልናገረው የማይመቸኝ አንድ ነገር አለ። በ2022 ኒውዮርክ ውስጥ የፊንጢጣ ካንሰር ያለባቸው 12 ሕሙማን ዶስታርሊማብ የሚባለውን የፒዲ-1 መድኃኒት ለስድስት ወር ብቻ ወሰዱ። ዕጢያቸው የዲኤንኤ ስህተት ማረም የማይችል ዓይነት ነበር፤ ብዙ ስህተት ስለሚከማችበት ቲ ሴሎች በቀላሉ ይለዩታል። የ12ቱም ዕጢ ጠፋ። ጨረርም ቀዶ ሕክምናም ሳያስፈልጋቸው ቀረ። የዚህ ዓይነቱ ዕጢ ከፊንጢጣ ካንሰር ጥቂቱ እጅ ነው። ቢሆንም ማሽናችሁን ስለምትወዱት ብቻ ሰው ላይ አታብሩት።

በመጨረሻ፣ ገንዘብ የለንም ለምትሉ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የማህፀን በር ካንሰር ለሴቶቻችን ሁለተኛው ትልቅ ካንሰር ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ከኤችፒቪ ቫይረስ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ቲ ሴሎች የሚያውቁት የቫይረስ ፕሮቲን ዕጢው ላይ አለ። ጨረሩ የሚያርፍበት ዳሌ ደግሞ የደም ሴል የሚያመርት ብዙ መቅኔ የያዘ አጥንት ነው። ሊምፎሳይት በሕክምናው ወቅት ምን ያህል ይወርዳል? ሕክምናው ካለቀ በኋላስ መቼ ይመለሳል? ይህን ለማወቅ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ይበቃል፤ ለኬሞው ሲባል ለማንኛውም ይሠራል። ቁጥሩ ካርዱ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚቀረው። ከሕክምና በፊት፣ በየሳምንቱ፣ ከዚያም ከወርና ከሦስት ወር በኋላ ያለውን መዝግቡ። የጨረሩን መጠን፣ የተቋረጠበትን ቀንና ምክንያቱን ጨምሩ፤ ማሽን ተበላሽቶ ከሆነም ጻፉት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አስቀድማችሁ አውጡ። ከስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን ከመሰብሰባችሁ በፊት ተቀመጡ። ምንም ዝምድና ካላገኛችሁም ያንኑ ጻፉና አሳትሙት።

ዕቅዱን ስትጨርሱ ላኩልኝ። ከሦስት ገጽ አይብለጥ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስላችኋለሁ።