ግብፅና እስራኤል ከአሜሪካ እኩል ነው የሚያገኙት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ክርክር ተነሳ። ጓደኛዬ አሜሪካ ለግብፅና ለእስራኤል የምትሰጠው እርዳታ እኩል ነው ብሎ ድርቅ አለ። እስቲ ገላግሉን።

መልስ፦ እኩል አይደለም፣ በጭራሽ! መነሻው ግን አንድ ነው። ሁለቱ አገሮች በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የሰላም ውል ሲፈራረሙ አሜሪካ ለሁለቱም እጇን ዘረጋች። ግብፅ ከ1987 ጀምሮ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወታደራዊ እርዳታ ይመደብላታል። እስራኤል ደግሞ በ2016 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከ2019 እስከ 2028 ድረስ 38 ቢሊዮን፣ ማለትም በዓመት 3.8 ቢሊዮን ዶላር። ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው።

በሕዝብ ብዛት ስታካፍለው ልዩነቱ ይብሳል። የግብፅ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው፣ የእስራኤል 10 ሚሊዮን ገደማ። ለአንድ እስራኤላዊ 380 ዶላር አካባቢ ሲደርሰው ለአንድ ግብፃዊ 13 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ደርሶት ማለት ግን ኪሱ ገባ ማለት አይደለም። ገንዘቡ በአብዛኛው ተመልሶ የአሜሪካ መሣሪያ መግዣ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ እኔ ይህንን የልማት እርዳታ ብዬ ለመጥራት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ትምህርት ቤትና ውሃ የሚሠራው የኢኮኖሚ እርዳታ ለየብቻ ነው የሚመደበው። የእስራኤሉ በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆሟል፣ አገሪቱ ሀብታም ሆናለችና። የግብፁ ግን፣ እውነት ለመናገር ይህ ነው የሚያሳዝነኝ፣ በ1990ዎቹ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ የነበረው እየተሸረሸረ በ2020 ወደ 125 ሚሊዮን ወርዷል። የወታደሩ ድርሻ በዚያ ሁሉ ዘመን እዚያው 1.3 ቢሊዮን ላይ ነው።