መንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቃችሁ ለተከፋችሁ ልጆች

አብሽሩ። መጀመሪያ የምላችሁ ይሄንን ነው።

ደሴ ላይ መንዳት ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ የወደቀ ልጅ ከሩቅ ያስታውቀኛል። ከመኪናው ይወርድና በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ስልኩን አውጥቶ ይነካካል፣ ግን ለማንም አይደውልም።

ይገባኛል። ገና 18 ዓመት ሞልቷችሁ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ጭንቀት ሳይለቃችሁ ነው ሌላ ፈተና የገባችሁት። ብሩም የእናንተ አይደለም። እናት ሰኞ ገበያ ፀሐይ እየመታት ያገኘችው ነው፣ ወይ አረብ አገር ያለች እህት የላከችው። ስለዚህ ከመውደቁ ይልቅ «ምን ብዬ ቤት ልግባ» የሚለው ይከብዳችኋል።

ግቡና በዚያው ቀን ንገሩ። «ቀጠሮው ተራዘመ» አትበሉ፤ ነገ ቡና ላይ ከጎረቤት ይሰማል፣ ያኔ ነገሩ ይብሳል። ስትናገሩ ደግሞ «ወደቅኩ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። የት እንደወደቃችሁ ጨምሩ። «ዳገት ላይ ሞተር ጠፋብኝ»፣ «በኋላ ማርሽ ስገባ ምሰሶ ነካሁ» በሉ። መንዳት አልችልም ማለትና ፍሪሲዮን (በግራ እግር የሚረገጠውን) ቶሎ ለቀቅኩ ማለት በጣም ይለያያል። ሁለተኛው ይስተካከላል።

እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ የወደቁት ዳገት ላይ ነው። ፍርሃት ቀድሞ የሚይዘው ግራ እግርን ነውና እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሪሲዮኑ ባንዴ ይለቀቃል፣ መኪናው ዘለል ብሎ ይጠፋል፣ ልጁም ይደነግጥና ፍሬን መያዙን ረስቶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሴቶች ልጆቼ፣ «ሴት ስለሆንሽ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። የወንዶቹም እግር እንዲሁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

እንዲህ ተለማመዱት። የእጅ ፍሬኑን ያዙ። የግራ እግራችሁን ተረከዝ ወለሉ ላይ አስደግፉ። ትንሽ ነዳጅ ስጡና ፍሪሲዮኑን በጣም በቀስታ ልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ ብድግ ይላል። እዚያ ላይ እግራችሁን አቁሙ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። መኪናው ወደ ኋላ አይሄድም። ይሄንን እግራችሁ እስኪለምደው ደጋግሙት፤ በጭንቅላት ብቻ የተያዘ ነገር ሲጨንቃችሁ ይጠፋል፣ እግር የለመደው ግን ይቆያል።

ፈታኙንም አትጥሉት። እኛ አገር ዳገት የፈተና ጌጥ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሀል ላይ ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ፤ 25 ኪሎ ሜትር በምትሆን መንገድ ያንን ሁሉ ቁልቁል እየተጠማዘዛችሁ ትወርዳላችሁ፣ ክረምት ሲሆን በጉም ውስጥ፣ ከፊት ሲኖትራክ ከኋላ ሚኒባስ እያላችሁ። በከባድ (በዝቅተኛው) ማርሽ ሳይዝ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የወረደ ሰው ፍሬኑ ይግልበትና መያዝ ይተዋል። ሰው ያለቀባቸው አደጋዎች ከዚህ ተነስተዋል።

ለዚህ ነው የምለምናችሁ፦ «ትንሽ ብር ስጥና ጨርስ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እንዳትሰሙት። ያ ደላላ ሐረጎ ላይ አጠገባችሁ አይቀመጥም። እናንተና የጫናችሁት ሰው ብቻ ናችሁ።

እናትና አባት፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ በዚያ ቀን «የእገሌ ልጅ በአንዴ አልፏል» አትበሉ። ራት ይብላ፣ ይተኛ። ስለ ብሩ ሌላ ቀን ይወራል። የቻለ የአንድ ሁለት ሰዓት ልምምድ ይክፈልለት፣ ከቁጣው ሁሉ ይሄ ይጠቅመዋል።

ሁለት ሦስት ቀን እረፉና ወደ መኪናው ተመለሱ። ወር አትቆዩ፣ እግር ይረሳል። አሰልጣኛችሁን የወደቃችሁበትን ብቻ አሠራኝ በሉት፤ የምትችሉትን እያሠራ ሰዓቱን እንዳይጨርስባችሁ። የፈተናው ለት ቁርስ ብሉ። ቁልፍ ሳትነኩ ወንበሩን፣ ስፖኪዮውን፣ ቀበቶውን አስተካክሉ፤ እዚያው ትንፋሻችሁ ይረጋል። ሞተር ቢጠፋባችሁ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ እንደገና አስነሱ። ፈታኙ «ውረድ» እስካላለ ድረስ ቀጥሉ።