ማርሽ የሚቀነሰው አፋፉ ላይ ነው

መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ላወጣችሁ፣ በተለይም ጭነት ይዛችሁ ዓባይ በረሃን ልትወርዱ ለተነሳችሁ ልጆቼ፦

ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት መኪናውን መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ ሳታቋርጡ ከረገጣችሁት ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት፣ ታምቡሩ፣ ግሎ ይሰፋና እሱን ተጭኖ ከሚይዘው ሸራ ይርቃል። የዘይት ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ከ140 ብዙም ላያልፍ ይችላል። ከፈላ እግራችሁ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ስለዚህ ማርሹን ገና አፋፉ ላይ ሳላችሁ ቀንሱ። ከባድ መኪና ፍጥነት ካነሳ በኋላ ማርሹ አልገባም ሊል ይችላል፤ ያኔ ያለ ማርሽ፣ ዜሮ ላይ ቀራችሁ ማለት ነው። ልኩ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁ መኪናው እምብዛም ሳይፈጥን የሚወርድበት ነው። የአርፒኤሙ (የሞተር ዙር መቁጠሪያው) መርፌ ወደ ቀዩ ከተጠጋ መጀመሪያ በፍሬን አብርዱት፣ ከዚያ ማርሹን በአንድ ዝቅ አድርጉት።

ፍሬኑን ደግሞ እግራችሁን አሳርፋችሁበት አትውረዱ። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ጠንከር አድርጋችሁ ለ3 ሰከንድ ያህል ርገጡ፣ 32 ገደማ ሲሆን ልቀቁ፣ ተመልሶ 40 ሲገባ ድገሙ። አሜሪካ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) የምታወጡም የምትማሩት ይህንኑ ነው። በአየር ፍሬን ቶሎ ቶሎ መምታት አየሩን ይጨርሳል፤ የአየሩ ግፊት ወርዶ 60 ፒኤስአይ (በጌጁ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) አካባቢ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ወዲያው ዳር ይዛችሁ ቁሙ።

ዜሮ አድርጎ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል የሚለውን ወሬ ተዉት። በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ይቆርጣል፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል። በድሮው ሞተር ጥቂት ብትተርፍም የሸራ መግዣ አትሆንም።

የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ሜዳ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ፣ እስኪበርድም ታገሡ። ውሃ እንዳትደፉበት፤ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። ስትነሱ ረዳቱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ ያንሳ፤ እዚያው እየተወ የሚሄደው ሹፌር ብዙ ነው፣ ማታ ደግሞ አይታይም።