ላም ለማየት ስቶክሆልም ድረስ?

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሴት ልጄ ስቶክሆልም ነው የምትኖረው። ሐምሌ ላይ ልትወስደኝ ነው። ስካንሰን የሚባል የድሮ የገጠር ቤትና አውሬ ያለበት ቦታ ከልጅ ልጆቼ ጋር እንገባለን ትላለች። እኔ ደደር ከብት ስጠብቅ ያደግኩ ሰው ነኝ። ላም ለማየት ይከፈላል እንዴ? ጉልበቴም ያመኛል።
አያት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

መልስ፦ እናቴ፣ ሳያንገራግሩ ይሂዱ። ከልጆቹ ይልቅ ቦታው የሚሆነው ለእርስዎ ነው።

ስካንሰንን እ.ኤ.አ. በ1891 የከፈተው አርቱር ሃሴሊየስ የሚባል ሰው ነው። ፋብሪካ ሲስፋፋ የገጠሩ ኑሮ እየጠፋ መሆኑን አየ። ከየአውራጃው የገበሬ ቤት እያስፈረሰ አመጣና ጁርጎርደን ደሴት ላይ መልሶ አስገጠመው። ዛሬ 150 ያህል ቤቶች አሉ። እኔ ጣሪያ ሳንጋጥጥ ነው የዋልኩት። የእኛ ሳር ክዳን ደርቆ ይከደናል፤ የእነሱ ከነሥሩ ከነአፈሩ ነው፣ እላዩ ላይ ይበቅላል። ዝናቡን የሚመልሰው ግን ሳሩ ሳይሆን ከሥሩ የተነጠፈው የበርች ዛፍ ልጣጭ ነው። አፈሩ ልጣጩን ተጭኖ ይይዘዋል።

ከዚያ ፌቦድ የሚሉትን የእረኞች ጎጆ ይጠይቁ። ድሮ በጋ ሲገባ ሴቶቹ ከብቱን ይዘው ተራራ ይወጡ ነበር። እዚያው ከርመው ቅቤና አይብ ያወጣሉ። ላሞቹን ከሩቅ የሚጠሩት በቀጭን ዜማ ነው። ነጫጭ ላሞቻቸውን ልብ ይበሉ፤ ቀንዳቸው ተቆርጦ ሳይሆን ሲፈጠሩም ጎዳ ናቸው። የድሮ ልብስ የለበሰች ሴት ቤት ውስጥ ካገኙ አይፈሩ፣ የቆመችው ልትጠየቅ ነው። ልጅዎ ታስተርጉም። ስለ ግጦሽ እንደ እርስዎ የሚያፋጥጣት ጎብኚ መቼም አይመጣላትም።

አውሬውን ለልጆቹ ይተዉላቸው። ድብ፣ ተኩላ፣ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን፣ የሰሜኑ አገር እንስሳ ሁሉ አለ። ግን ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ ተኩላው ከተደበቀ ተደበቀ ነው። ሐረር ላይ ጅብ ከሰው አፍ ሥጋ ሲቀበል ላየ ሰው ትዕግሥት ይፈትናል።

ጉልበትዎን በተመለከተ፣ ቦታው ኮረብታ ላይ ነው። ከመሀል ከተማ 7 ቁጥር ትራም በሩ ድረስ ያደርሳል። ሽቅብ የምታወጣ ትንሽ ባቡርም አለች፣ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የእኛው ባቡር ድሬ የገባው ከእሷ 5 ዓመት ዘግይቶ መሆኑን ለልጆቹ ይንገሩልኝ። በዕለቱ መሥራቷን ግን ልጅዎ ቀድማ ታጣራ።

ሐምሌ በጋችን ነው ቢሉዎት አይመኑ። ለድሬ ሰው ብርድ ነው፣ ሹራብ ይያዙ።