የመጠይቅ ዳታ የት ይቀመጥ?

እህቴ፣ የእናቶች ጤና መጠይቅ ዳታሽን ጆርናሉ ክፍት አድርጊ ብሎሻል። ጉግል ድራይቭ ይበቃል ወይስ ዜኖዶ የሚባለው የዳታ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ልጫነው ነው ጥያቄሽ። ሥራዬ የተመራማሪዎችን ዳታ ማደራጀት ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጉግል ድራይቭ አይሆንም። አካውንትሽ የተዘጋ ወይም ፋይሉን የሰረዝሽ ቀን ሊንኩ ዋጋ የለውም። ሪፖዚተሪ፣ ማለትም እንደ ዜኖዶ ያለ የምርምር ዳታ ማከማቻ፣ ግን ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጥሻል። የገጹ አድራሻ ቢቀየር እንኳ ዳታው በዚያ ቁጥር ይገኛል፣ ሰውም እንደ ጽሑፍ ይጠቅሰዋል።

ዜኖዶ ጥሩ ነው። የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያስተዳድረዋል፣ ክፍያ የለውም፣ በአንድ ጊዜ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል። ያንቺ ፋይል የዚህን ኢምንት አይሞላም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ዳታው ውስጥ ሰዎች አሉ።

ስም ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ቀበሌ፣ ዕድሜና የወሊድ ቀን አንድ ላይ ካሉ፣ በ43 ዓመቷ መንታ የወለደችውን እናት ጎረቤት ወዲያው ያውቃታል። የጂፒኤስ ነጥብ ካለማ በሯ ድረስ ያደርሳል። ጂፒኤሱን ሰርዢ፣ ቀበሌውን አውጥተሽ ወረዳ ላይ አቁሚ፣ ዕድሜውን በአምስት አምስት ዓመት መድቢ፣ ከወሊድ ቀኑ ዓመቱን ብቻ አስቀሪ። «ሌላ ካለ ይግለጹ» የሚለውንም አንድ በአንድ አንብቢ፤ መረጃ ሰብሳቢዎች አንዳንዴ የሰው ስም ይጽፉበታል።

ቀጥሎ የስምምነት ቅጹን አውጪ። እናቶቹ ምን ተብለው ፈረሙ? «ከጥናት ቡድኑ አይወጣም» ከተባሉ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድ ምንም አትጫኚ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል።

ዳታሽ የዘረመል ቅደም ተከተል ቢሆን ኖሮ ለዚያ የተሠራውን ጂንባንክ እልሽ ነበር። ላንቺ ግን ምርጫዬ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሪፖዚተሪ የሆነው ሃርቫርድ ዳታቨርስ ነው። ኤስፒኤስኤስና ስታታ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ፋይል አንብቦ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ (ለምሳሌ ዕድሜን) ከነመግለጫው ያሳያል። እሱም ነፃ ነው። ፋይሉን ብትገድቢው ገለጻው ለሁሉም ይታያል፤ ዳታውን የሚፈልግ ግን አንቺን ጠይቆ ነው የሚያገኘው። ዜኖዶም መገደብ ይችላል፣ ለመጠይቅ ግን ዳታቨርስ ይመቻል።

ጥናትሽ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ከሆነ የዩኒቨርሲቲሽን ቤተ መጻሕፍት አናግሪ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲ በብሔራዊው የአካዳሚክ ሪፖዚተሪ ማስቀመጥን ይጠይቃል።

ጽሑፍሽን ለጆርናሉ የሚገመግሙት ሪቪወሮች ዳታውን ከአሁኑ ማየት ከፈለጉ፣ ዳታቨርስ ገና ሳታትሚው የግል ሊንክ ያወጣልሻል። ዲኦአዩም ረቂቅ እያለ ስለሚታወቅ ጽሑፍሽ ውስጥ አስገቢው።